የኒውብሪጅ ማመልከቻ፦ የጃንሆይን ቤት ብቻ ነው ወይስ ሰፈሩን?

ፀሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እንደተባባልነው በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ የኒውብሪጅን ዋርድ በአማርኛ የምታስተዋውቅ ትንሽ ጽሑፍ ልናዘጋጅ ነው። ለማሳተሚያ እንዲያግዘን ለካውንስሉ፣ ለአካባቢው ምክር ቤት ማለት ነው፣ ማመልከቻ እናስገባለን። ዋርድ ማለት እንደኛ ቀበሌ በሉት፣ ለካውንስሉ የራሱን ተመራጭ (ካውንስለር) የሚልክ ሰፈር። መግቢያውን እንደዚህ ሞክሬዋለሁ፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

«ፌርፊልድ ሀውስ ከ1936 እስከ 1940 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የስደት መኖሪያ ነበር። ጃንሆይ በ1958 ቤቱን ለባዝ ከተማ አረጋውያን ሰጡ። ቤቱ የሚገኘው ኒውብሪጅ በሚባል ሰፈር ነው። ለባዝ ካውንስል የምናቀርበው ጥያቄ...»

አርሙት፣ ቀንሱ፣ ጨምሩ። እሑድ ማታ እዘጋዋለሁ።

ከብሪስቶል፣ አውቶቡስ የሚነዳው፦
እህቴ እጅሽ ይባረክ። ግን ሰፈሩ የታለ? ሦስት ዓረፍተ ነገር ስለ ቤቱ፣ ሰፈሩ ደግሞ «የሚባል» ሆኖ ቀረ። ይህን ያነበበ ካውንስለር «የራሳቸውን ታሪክ ሊጽፉ ነው፤ ለኛ ምን አለበት?» ይላል። እኔ ብሆን እላለሁ።

ሰፈሩን ከመንገዱ ጀምሪው። ከብሪስቶል በኤ4 አውራ ጎዳና ስትመጪ ወደ ባዝ የሚያስገባሽ ኒውብሪጅ ነው። ስሙን የሰጠው ድልድይ ኤቨን ወንዝ ላይ እስከ ዛሬ አለ። «አዲስ ድልድይ» ይሉታል፣ የተሠራው ግን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። (አዲስ አበባም ላይ «አዲሱ ገበያ» ያረጀውን ያህል ማለት ነው።) ዳር ላይ መኪና አቁሞ በአውቶቡስ ወደ መሀል ከተማ የሚገባበት ትልቅ ማቆሚያ አለ። ከብሪስቶል የሚመጣው የብስክሌት መንገድም የሚያልቀው እዚያው ብራስሚል ሌን አጠገብ ነው። ድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር፣ 13 ማይል። ልጆቻችን በሳይክል የሚመጡት በዚህ ነው። ጃንሆይን ከዚህ በኋላ አምጪያቸው።

ገንዘብ ያዥ፦
በሐሳቡ እስማማለሁ። አንድ እርማት፦ «ባዝ ካውንስል» የሚባል የለም። ካውንስሉ የባዝና የሰሜን ምሥራቅ ሰመርሴት ነው። ከ1996 ጀምሮ ከተማውንም ዙሪያውን የገጠር መንደርም አንድ ላይ ያስተዳድራል። 59 ካውንስለሮች አሉት፣ ኒውብሪጅ የሚልከው ሁለት ነው። ደብዳቤያችን ለሁለቱም ይድረስ። አንድ ጊዜ ሌላ ቦታ፣ ሌላ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን አሳስተን ጽፈን ወረቀታችን ለአራት ወር ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞሯል። አልረሳሁትም።

ባለ ቀለም ወረቀት ደግሞ እርሱት። ጥቁርና ነጭ፣ ሁለት መቶ ቅጂ፣ በቃ።

የወጣቶች ተወካይ፦
እኔ ደግሞ ትልቅ ነገር ብንጠይቅ እላለሁ። ፌርፊልድ ባለበት በኬልስተን መንገድ ላይ በአማርኛ የተጻፈ ምልክት፣ ወይም ሐውልት። ለሁለት መቶ ወረቀት ካውንስል ድረስ መሄድ አያሳፍርም?

ደግሞ ሌላ ነገር። በካውንስል ምርጫ የሚመርጡት የእንግሊዝ፣ የአየርላንድና የኮመንዌልዝ ዜጎች፣ ከአውሮፓም አንዳንዶች ናቸው። ኢትዮጵያ ኮመንዌልዝ ውስጥ የለችም። የዚህን አገር ዜግነት ያላገኘ አባላችን ቢቆጣም ቢጮኽም ድምፅ የለውም። ያለፈው ምርጫ 2023 ነበር፣ ቀጣዩ ግንቦት 2027። ድምፅ የሌለን ሰዎች ስንጠይቅ ማን ይሰማናል?

እትዬ (ከመሥራቾች)፦
ልጄ፣ ካውንስለር ለማነጋገር ፓስፖርት አይጠየቅም። ሰፈሩ ውስጥ ጉዳይ ካለሽ ማነጋገር ትችያለሽ። እኔ ዜግነት ሳላገኝ በቆሻሻ ጉዳይ ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ፣ ሁለቱን መልሰውልኛል።

ሐውልቱን ተይው። ልንገራችሁ። መጀመሪያ ፌርፊልድ የሄድኩ ቀን ከታች ከኒውብሪጅ መንገድ በእግሬ ነው የወጣሁት። ጉልበቴን ታውቁታላችሁ። ዳገቱ መሀል ላይ የሰው ግንብ ተደግፌ ቆምኩ። አንዲት ነጭ አሮጊት ሴትዮ በሯን ከፍታ ወጣች፤ ልትቆጣ መስሎኝ ነበር። ወንበር አውጥታ አስቀመጠችኝ። «ወደ ንጉሡ ቤት ነው?» አለችኝ። አዎ ስላት «እኔም እዛ እሄዳለሁ» አለችኝ። አብረን ወጣን፣ እሷ ከዘራ፣ እኔ ጃንጥላ ይዤ።

እዚያው ኒውብሪጅ ሂል ላይ ደግሞ ፓርቲስ ኮሌጅ አለ። ኮሌጅ ሲባል ትምህርት ቤት እንዳይመስላችሁ። በ1820ዎቹ አን ፓርቲስ የምትባል ሴት ለተቸገሩ ሴቶች ያሠራችው መኖሪያ ነው፣ ለሠላሳ ሰው። ጃንሆይ ቤቱን ለአረጋውያን ሲሰጡ ሰፈሩ ይህን ነገር ያውቀው ነበር ማለት ነው። ስለዚህ የኛ ጥያቄ ለአረጋውያን ይሁን። እዚያ ዳገት ላይ አግዳሚ ወንበር እንጠይቅ። ኢትዮጵያዊም ሄዶ ይቀመጥበታል፣ ያቺም ሴትዮ።

ከብሪስቶል፣ አውቶቡስ የሚነዳው፦
እትዬ ጨረሱት! ወንበር ነው የምንጠይቀው። ሁለት ቢሆን፣ አንዱ ዳገቱ ላይ፣ አንዱ አውቶቡስ መቆሚያው ጋ። ተሳፋሪ ቆሞ ሲጠብቅ በየቀኑ ነው የማየው።

ገንዘብ ያዥ፦
ወንበሩን ማን ይጠግናል? ይህ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። «እኛ በዓመት አንድ ጊዜ እናጥባለን፣ ቀለም እንቀባለን» ብለን እንጻፍ። ቀለሙን እኔ አወጣለሁ። ቦታው የመንገዱ ነው ወይስ የባለቤቱ የሚለውንም መጀመሪያ ካውንስለሮቹን እንጠይቅ። የሰው አጥር ስር ወንበር ተክለን እንዳንጣላ።

የወጣቶች ተወካይ፦
እሺ ተሸነፍኩ። ግን ጽሑፏ ላይ ግሪንሀውሱ ይግባ፣ የአትክልት ማብቀያው የመስታወት ቤት፣ ጃንሆይ ጸሎት ቤት ያደረጉት። ልጆች እሱን ሲሰሙ ነው የሚጠይቁት። የሎክስብሩክ የወንበር ፋብሪካም ይግባ፣ አርክቴክቱ ግሪምሾው የነደፈው፣ አሁን የባዝ ስፓ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ተማሪዎች የሚማሩበት። ወንበር ልንጠይቅ ስንሄድ የወንበር ፋብሪካ የነበረበት ሰፈር መሆኑ አይገርምም?

ፀሐፊዋ፦
ይገርማል። ሁሉንም ሰበሰብኩ፣ ይኸው፦

«ኒውብሪጅ ከብሪስቶል ሲመጣ የባዝ መግቢያ ነው። ከታች ኤቨን ወንዝና ድልድዩ፣ ከላይ የኬልስተን መንገድ። በዚህ ሰፈር ውስጥ ለአረጋውያንና ለተቸገሩ የታሰቡ ሁለት ቤቶች አሉ። አንዱን አን ፓርቲስ አሠራች። ሌላውን የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከጣልያን ወረራ ተሰድደው ከ1936 እስከ 1940 ከኖሩበት በኋላ በ1958 ለከተማው ሰጡ። እኛ ደግሞ ወደ ቤቱ በሚወስደው ዳገት ላይ፣ ለሚደክመው ሁሉ፣ አንድ መቀመጫ እንዲተከል እንጠይቃለን። ማጠቡንና ቀለም መቀባቱን በየዓመቱ ሚያዝያ 27 እንሠራለን።»

ሚያዝያ 27ን እኔ ነኝ የጨመርኩት፣ የአርበኞች ቀን ስለሆነ። ግሪንሀውሱንና ፋብሪካውን ጽሑፏ ውስጥ አስገባቸዋለሁ፣ ማመልከቻው ላይ ግን ያበዛዋል። አውቶቡስ መቆሚያው ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል፣ አላደባለቅኩትም።

እትዬ፣ የሴትዮዋን በር ቁጥር ያስታውሱታል? አልጽፈውም፤ ዳገቱ መሀል የቱ ጋ እንደሆነ ለማወቅ ነው።

እትዬ፦
ቁጥሩን አላየሁም። ትልቅ የጽጌረዳ ተክል አላት። ቅዳሜ ከመጣሽ አሳይሻለሁ፣ ግን ከላይ ነው የምንወርደው።