የእድራችን የስኳርና የውፍረት ዕቅድ፦ ረቂቁ ለጠቅላላ ጉባኤ ከመቅረቡ በፊት

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልን። የመጀመሪያው ረቂቅ ገንዘቡን በሙሉ ለአንድ ቀን የስኳር ምርመራ መድቦታል። ማስተካከያ ያላችሁ እዚሁ ጻፉ፤ አዋህጄ አቀርበዋለሁ።

ሲስተር (ጤና ንዑስ ኮሚቴ)፦ ከምርመራው ማግስት ምን እንደሚሆን ረቂቁ ላይ አንድ መስመር የለም። ሰዓቱም ከሰዓት በኋላ መባሉ ልክ አይደለም፤ ሰው ምሳውን በልቶ ነው የሚመጣው። ከጠዋቱ 12:30 እስከ 2:30 ይሁን፤ ተመርማሪው ቢያንስ 8 ሰዓት ከውሃ በቀር ምንም ሳይቀምስ ይምጣ። እጅ በሳሙና ታጥቦ ይድረቅ፤ ሙዝ የላጠ ጣት ሳይታጠብ ከተወጋ ቁጥሩ ያለ አግባብ ይወጣል። 126 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) እና ከዚያ በላይ የተገኘበት ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ፤ በጣት ደም ብቻ «ስኳር አለብዎት» አይባልም። ከ100 እስከ 125 ያሉትን፣ ለስኳር የቀረቡትን ማለት ነው፣ መዝግበን እንያዝ፤ ዕቅዱ በዋናነት ለእነሱ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ኪስ የሚጎዳው የስኳር መለኪያ ማሽኑ ሳይሆን ስትሪፑ፣ የደም ጠብታው የሚነካበት አንዴ ተሠርቶበት የሚጣለው ስስ ቁራጭ፣ ነው፤ የአንዱ ማሽን ስትሪፕ ለሌላው አይሆንም። በነፃ ማሽን ተገኘ ብለን ስትሪፑ ከገበያ ቢጠፋስ? ለሁሉም አባል አይበቃም፤ በምን እንለይ?

ሲስተር፦ በሜትር። ወገቡ 94 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ወንድ፣ 80 የደረሰች ሴት፣ እንዲሁም ወላጅ ወይም ወንድም እኅት ስኳር ያለበት ይቅደም። ሜትሩ የሚያርፈው ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት መሃል ላይ ነው፣ አየር ከወጣ በኋላ። ቀበቶ ላይ ከለካን ቦርጩ ከላይ ይቀርና ያመልጠናል። «ተመችቶታል» የምንልለት ቦርጭ ኢንሱሊን (ስኳር ከደም ወደ ሰውነት እንዲገባ የሚያደርገው ንጥረ ነገር) ሥራውን እንዳይሠራ የሚያዳክመው ስብ ነው።

የስፖርት መምህሩ፦ የእኔ ክፍል የእግር ጉዞው ነው። በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ፤ ፍጥነቱ ማውራት የሚያስችል፣ መዝፈን የሚከለክል። ላልለመደ 10 ደቂቃ ሦስት ጊዜ፣ በተለይ ከምግብ በኋላ፤ የሚሠራ ጡንቻ ኢንሱሊን ሳይጠብቅ ስኳር ከደም ይወስዳልና። በሳምንት ሁለት ቀን ከወንበር ቁጭ ብድግ፣ 10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር ይጨመር። የሚያስፈራኝ ከጉዞ በኋላ የሚጠጣው ለስላሳ ነው፤ አንድ 330 ሚሊ ሊትር ውስጥ 35 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ የግማሽ ሰዓቱን ልፋት መልሶ ይበላዋል።

የወጥ ቤት ኃላፊዋ፦ እንግዲያው የለቅሶ ድንኳናችንም ይነካ። ሻይ ከስኳር ጋር አይፍላ፤ ስኳሩ ለብቻው ይቅረብ። ዘይት ከጄሪካን በቀጥታ መገልበጥ ቀርቶ በሾርባ ማንኪያ ይለካ፤ አንዷ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ ነች። የጾም ወጥ ስለሆነ ቀላል ነው የሚባለው በዘይት ሲዋኝ አይሠራም። ንፍሮውን ማንም አይንካብኝ! ዘይት የለው፣ ስኳር የለው፣ ባቄላና ስንዴው ከነገለባው።

ገንዘብ ያዥ፦ ለስላሳ ቢቀር እንግዳ ምን ይለናል?

የወጥ ቤት ኃላፊዋ፦ አምቦ ውሃ ይቀርባል፣ ጋሼ።

ሲስተር፦ ሁለት ጥንቃቄ ይግባ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የተባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው እስከ 9 ሰዓት እየጾመ ከቡድኑ ጋር አይራመድ፤ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። አስተባባሪው ስኳርና ውሃ ይያዝ፤ ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መዘባረቅ ከታየ ወይም ማሽኑ ከ70 በታች ካለ 15 ግራም፣ አራት የሻይ ማንኪያ ያህል፣ በጥብጦ ይስጥና ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለካ። ራሱን ለሳተ ግን በአፍ ምንም አይሰጥም፤ ወደ ሆስፒታል ነው። ሁለተኛ፣ ክፍት ጫማ ክልክል ይሁን፤ ስኳር ያለበት እግር መቁሰሉን ላያውቀው ይችላል።

ጸሐፊ፦ ጉባኤው «ዋጋ አለው ወይ» ቢለን?

ሲስተር፦ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመው የአሜሪካ ጥናት ይጠቀስ። ለስኳር በቀረቡ ሰዎች ላይ በሳምንት 150 ደቂቃ እንቅስቃሴና 7 በመቶ ክብደት መቀነስ በሽታውን በ58 በመቶ ቀንሷል፤ ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒት ደግሞ በ31 በመቶ። 80 ኪሎ ለሚመዝን 5.6 ኪሎ መሆኑ ነው፤ ስድስት ወር እንስጠው፤ በየወሩ በአንድ ሚዛን፣ ምንጣፍ በሌለው ወለል ላይ ይመዘን።

ጸሐፊ፦ ሁሉም ገብቷል። የምርመራው ገንዘብ ግማሹ ለስትሪፕ፣ ግማሹ ለሚዛን፣ ለሜትርና ለክትትል መዝገብ ተብሎ ተጽፏል። የለስላሳው ነገር ስላልተቋጨ በቅንፍ አስቀምጬዋለሁ፤ እሑድ በእጅ ብልጫ ይለይ።