አስቸኳይ፦ የጥቁርና ነጭ ኔጌቲቭ ስካን ሳደርግ ፊት እየተበላሸብኝ ነው

ባለኔጌቲቭ፦
የምታውቁ እባካችሁ ድረሱልኝ። ፋይሉ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አራት ኪሎ ማተሚያ ቤት መግባት አለበት። የድሮ ሠርግ ኔጌቲቭ ነው፣ ስካነሩ ኤፕሰን ቪ600። ፊቱ ሁሉ ኖራ የተረጨበት መስሎ ይወጣል፣ የሰው ጠርዝ ይበላል፣ ነጠላው ላይ ጥለቱ ጭራሽ የለም። አቧራውን ነፍቼ ደገምኩት፣ ያው ነው። ስካነሩ ሞቶ ነው ወይስ ፊልሙ ሻግቷል?

ሰባራ ትሪፖድ፦
ሙሽራዋ ፓውደር አብዝታ ይሆናላ።

የቸርችል ዳገት፦
ሻጋታ ነው፣ ምንም ጥያቄ የለውም። የባትሪ ውሃ ከነዳጅ ማደያ ግዛና እጠበው።

ቀይ አምፖል፦
ወንድሜ፣ ውሃ እንዳታስነካው! መጀመሪያ ኔጌቲቩን መስኮት ላይ አንሥተህ በማጉያ መነጽር እየው። ነጠብጣቡ ፊልሙ ላይ ከሌለ ሻጋታም አይደለም፣ ስካነሩም አልሞተም። አቧራና ጭረትን በራሱ የሚያጠፋው የስካነሩ ፕሮግራም፣ ዲጂታል አይስ የሚባለው፣ በርቶ ይሆናል። አጥፋውና ያንኑ ፍሬም ድገመው።

ምክንያቱ ይሄ ነው፦ አይስ አቧራን የሚለየው ዓይን በማያየው በኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። የከለር ፊልም ምስል ከቀለም የተሠራ ስለሆነ ኢንፍራሬዱ ሰተት ብሎ ያልፋል፤ የሚያግደው አቧራና ጭረት ብቻ ነው። የጥቁርና ነጭ ፊልም ምስል ግን ብር ነው፣ ብር ደግሞ ኢንፍራሬድ አያሳልፍም። ፕሮግራሙ ምስሉን ራሱን ቆሻሻ ነው ብሎ ይጠርገዋል። ነጠላው ላይ የባሰውም ለዚሁ ነው፤ ፎቶው ላይ ነጭ የሆነው ቦታ ኔጌቲቩ ላይ ብሩ የወፈረበት ነው። እንደ ኢልፎርድ ኤክስፒ2 ያለው በከለር ኬሚካል የሚታጠብ ጥቁርና ነጭ ፊልም ብቻ ከአይስ ጋር ይስማማል።

ባለኔጌቲቭ፦
እህት ነኝ 🙂 አዎ፣ በርቶ ነበር። የፊልሙንም ዓይነት ከለር ኔጌቲቭ ብዬ ነው የመረጥኩት፤ በከለር ሲነሣ መረጃው ይበዛል ይባል የለ? ባለ 6 በ6 ሳንቲ ሜትር ፊልም ነው፣ ቅድም አልጻፍኩትም። በ6400 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 6400 ነጥብ) ነው የማነሣው።

ፒክስል ቆጣሪ፦
አይበዛም እህቴ። ያንኑ ግራጫ ሦስት ጊዜ ማስቀመጥ ነው ትርፉ። ከለር ኔጌቲቭ ስትይው ደግሞ ፕሮግራሙ የከለር ፊልምን ብርቱካናማ መደብ ላካክስ ስለሚል ምስሉን ቀለም ያስይዘዋል።

ሒሳቡን እዪው። የ6 በ6 ፍሬም በትክክል 56 ሚሊ ሜትር በ56 ነው። በ6400 ዲፒአይ፣ በ48 ቢት ከለር አንዱ ፍሬም 1.2 ጊጋ ገደማ ይሆናል። በ2400፣ በ16 ቢት ግሬይስኬል (ግራጫ ብቻ) 56 ሜጋ ነው፤ 5291 ፒክስል በ5291። ይህ በ300 ዲፒአይ ሲታተም ወደ 45 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። ከዚያ በላይ ልታሳትሚ ነው እንዴ?

የቸርችል ዳገት፦
6400 ብሎ ካርቶኑ ላይ ጽፎ ሸጦልን በ2400 አንሡ? የከፈልንበትን እንጠቀምበት እንጂ!

ፒክስል ቆጣሪ፦
6400 የሚለው የሴንሰሩ እርምጃ ነው። የዚህ ስካነር ሌንስ 2400ንም በወጉ አይለይም። ከዚያ በላይ የሚጨመረው ፒክስል ሃርድ ዲስክ ይሞላል እንጂ አንዲት የቅንድብ ጸጉር አያወጣም።

አዲስ ገቢ፦
ዲጂታል አይስ የሚባለውን አጥፊው።

ሰባራ ትሪፖድ፦
ተብሏል ወንድም። እኔ ግን ስካነር ራሱ ለምን እላለሁ። ካሜራሽን ከላይ ወደታች አቁሚ፣ ማክሮ ሌንስ፣ ኤፍ 8፣ አይኤስኦ 100፣ ሮው፤ ከሥር ነጭ የኤልኢዲ ሰሌዳ። የክፍሉን መብራት አጥፍተሽ አንድ ፍሬም በአንድ ጠቅታ ነው።

ቀይ አምፖል፦
እውነት ነው፣ ግን ለነገ 3 ሰዓት ማክሮ ሌንስ ከየት ታምጣ? ኤፕሰን ስካን ላይ ፕሮፌሽናል ሞድ ግቢ። ዶክመንት ታይፕ ፊልም፣ ፊልም ታይፕ ጥቁርና ነጭ ኔጌቲቭ፣ ኢሜጅ ታይፕ 16 ቢት ግሬይስኬል፣ 2400። አንሻርፕ ማስክ፣ ግሬን ሪዳክሽን፣ ደስት ሪሙቫል ሦስቱም ይጥፉ፤ ምስሉን ሻርፕ ማድረጉ መጨረሻ ላይ በእጅሽ ነው። የምታስቀምጪው በቲፍ ነው፤ ጄፔግ 8 ቢት ብቻ ስለሆነ ሰማዩን ስታስተካክዪ ይሰነጣጠቅብሻል። መብራቱንም አትመኚው፣ እያንዳንዱ ፍሬም እንዳለቀ ሴቭ ይሁን።

ፊልሙ የሚያበራው ጎኑ ወደ ታች፣ ደብዛዛው ወደ ላይ ነው የሚገባው። ከላይ ስታዪው የጠርዙ ፊደል ተገልብጦ ከተነበበ ልክ ነው።

ባለኔጌቲቭ፦
ፊቱ ተመለሰ!! ጥለቱም ይቆጠራል። አሁን ግን ሁሉም ግራጫ፣ ፍዝዝ ያለ ሆነብኝ። ደግሞ ሁሉም ፍሬም ላይ አንድ ቦታ ቀጭን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል። ቩስካን የሚባለውን የስካን ፕሮግራም ልግዛ?

ቀይ አምፖል፦
መፍዘዙን ተዪው፣ ደግ ነው። ሂስቶግራሙ (የጨለማና የብርሃኑን መጠን የሚያሳየው ግራፍ) ላይ የጥቁሩንና የነጩን ምልክት ከኮረብታው ጫፎች ትንሽ ወጣ አድርገሽ አስቀምጪ፤ ኮንትራስቱን በኋላ በከርቭ ትሰጪዋለሽ። ስካን ላይ ነጩ ተቆርጦ ጥለቱ የጠፋ ነጠላ ግን በምንም አይመለስም።

መስመሩ አቧራ ነው፣ ግን ፊልሙ ላይ ያለ አይደለም። ስካነሩ ከማንበቡ በፊት ብርሃኑን የሚለካበት ቦታ አለ፤ የፊልም መያዣው ጫፍ ላይ ያለችው ባዶ ክፍተት ናት። እዚያ ላይ አንዲት ብናኝ ካረፈች እስከ ታች መስመር ትሆናለች። መስታወቱንም የክዳኑን መብራት መስታወትም እዚያው ትይዩ በደረቅ የመነጽር ጨርቅ ጥረጊና ፕሪቪውውን እንደ አዲስ ጀምሪ።

ፒክስል ቆጣሪ፦
ለዛሬ ማታ ኤፕሰን ስካን ይበቃሻል። ቩስካን የሚጠቅመው ኤክስፖዠሩን ቆልፎ ጥቅሉን ሙሉ አንድ ዓይነት ሲያወጣልሽ፣ ወይም አዲሱ ኮምፒውተርሽ የኤፕሰኑን አልቀበልም ሲል ነው። ለፊልም ፕሮፌሽናል የሚለውን እትም ነው የምትገዢው። የሙከራው እትም ፎቶው ላይ የዶላር ምልክት ይረጭበታል፣ ለሠርግ መጥፎ ባይሆንም። ሲልቨርፋስት የሚባለው ሌላው ፕሮግራምም ጥሩ ነው፣ ግን ፈቃዱ ለአንድ የስካነር ሞዴል ነው፤ ስካነር ስትቀይሪ እንደገና ትከፍያለሽ።

ፊክሰር፦
ልጆች፣ የባትሪ ውሃውን ነገር ማንም አልዘጋውም። ሻጋታ የበላው ጄላቲን ውሃ ሲነካው ይሟሟል፤ ሻጋታውን አጠብኩ ሲሉ ምስሉ አብሮ ይሄዳል። የጣት ቅባት ከሆነ 99 ፐርሰንት አይሶፕሮፒል አልኮል፣ በመስታወታማው ጎን ብቻ፣ በለስላሳ ጨርቅ። የፋርማሲው ባለ 70 ፐርሰንቱ ውሃ አለበት፣ አይሆንም። ደግሞ ሣጥኑን ስትከፍቺ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካለሽ ልጄ፣ ፊልሙ እየፈረሰ ነው፤ ከሌላው ለይተሽ እሱን አስቀድመሽ አንሺ።

የቸርችል ዳገት፦
እሺ ጋሼ፣ ውሃውን አንሥቻለሁ። 6400ውን ግን አላነሣም።

አዲስ ገቢ፦
እኔ ጋ ያለው ካኖስካን 9000ኤፍ ነው፣ አይስ የሚል አላገኘሁበትም። ጥቁርና ነጭ ላይ እንደዚሁ ያበላሻል?

ቀይ አምፖል፦
የካኖኑ ስም ፌር ነው፣ ሥራው አንድ ነው። አጥፋው።