የእጅ ባትሪ ማይክሮፎን ምን ያደርግለታል?

ሰላም ከአዳማ፦ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ መብራት ሲጠፋ የሚጠቀሙበት የእጅ ባትሪ መተግበሪያ አለ፤ ጎረቤት በቴሌግራም የላከላቸው ነው። ትናንት ስልካቸውን ሳይ ካሜራው፣ ማይክሮፎኑ፣ የስልክ ቁጥሮቹም ሁሉ ተፈቅደውለታል። «ፍቀጂ አለኝ፣ ፈቀድኩ» አሉኝ። ስልኩ የሚያድረው ትራሳቸው ሥር ነው። ምን ላድርግ?

ስልክ ጠጋኙ፦ እህቴ፣ አሁኑኑ አጥፊው። ባትሪ ለማብራት ማይክሮፎንም የሰው ስልክ ቁጥርም አያስፈልግም። ካሜራ መጠየቁ ድሮ ምክንያት ነበረው፤ መብራቱ የካሜራው ፍላሽ ነውና። በ2015 እ.ኤ.አ. ከወጣው አንድሮይድ 6 ወዲህ ግን እሱም ቀርቷል። ደግሞ ስልኩ የራሱ የእጅ ባትሪ አለው፤ ማያውን ከላይ ወደ ታች ሲጎትቱት ይገኛል።

የሁለት ልጆች እናት፦ ከማጥፋትሽ በፊት ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ የሚለውን ክፈቺ። አንድሮይድ 12 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ባለፉት 24 ሰዓታት ካሜራና ማይክሮፎን የተጠቀመው ማን እንደሆነ ከነሰዓቱ ያሳይሻል። እኔ ስከፍተው የልጄ የሥዕል መቀቢያ ጨዋታ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ማይክሮፎን ተጠቅሟል። ልጄ ሲቀባ እኔና ባለቤቴ እዚያው ሶፋ ላይ ስለ ቤት ኪራይ እየተነጋገርን ነበር። እጄ ተንቀጠቀጠ።

ተማሪ 16፦ ሁሉንም መከልከል ግን አይበጅም። ቴሌግራም ያለ ማይክሮፎን የድምፅ መልእክት አይቀዳም። «ስጠቀም ብቻ» የሚለውን ምረጪላቸው። በማያው አናት ላይ የምትበራውን አረንጓዴ ነጥብም አሳያቸው፤ ካሜራ ወይም ማይክሮፎን ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። አይፎን ላይ የማይክሮፎኑ ብርቱካናማ ነው። ሳይደውሉ፣ ሳይቀዱ ከበራች ይጠሩሽ።

ስልክ ጠጋኙ፦ አንድ የረሳሁት፦ አክሰሰቢሊቲ የሚባለውን ፈቃድ እዪ። እሱ ከካሜራም ይብሳል፤ ማያው ላይ ያለውን ያነባል፣ በባለቤቱ ፋንታ ቁልፍ ይጫናል። የባንክ መተግበሪያ ላለበት ስልክ አደገኛ ነው። ቴሌግራም መተግበሪያ እንዲጭን የተሰጠውን ፈቃድም ዝጊ። የባትሪው መተግበሪያ የወሰደው ስልክ ቁጥር ካለ ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ አይመለስም።

ሰላም ከአዳማ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አክሰሰቢሊቲው ዝግ ነበር፤ የቴሌግራሙ ክፍት ነበር፣ ዘጋሁት። መተግበሪያውን አጥፍቼ የስልኩን ባትሪ አሳየኋቸው፤ ሦስት ጊዜ አብርተው አጠፉት። አሁን ጎረቤታችን ጋ እየሄድኩ ነው፤ በእሳቸውም ስልክ ላይ አለ።