ካርቦን ናኖቲዩብ ላቦራቶሪ ውስጥ ተደፋ፤ በመጥረጊያ ልጥረገው?

ሄለን፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ! ለማስተርስ ጥናቴ የምሠራበት የናኖቲዩብ ጠርሙስ ከእጄ አምልጦ ተሰበረ። ጥቁር ዱቄት ወለሉን ሞልቶታል። የላቦራቶሪው ኃላፊ ስልክ አያነሳም። በመጥረጊያ ልጥረገው?

ቡና በጨው፦ ጥቁር ዱቄት ስትዪ ቡና የተደፋ መስሎኝ ሮጬ መጣሁ! አይዞሽ። በመጥረጊያ ግን እንዳትነኪው።

መምህሩ፦ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ናኖቲዩብ የካርቦን አቶሞች እንደ ሰሌን ተጠቅልለው የሚሠሩት በጣም ቀጭን ቱቦ ነው። ጉዳቱ ያለው ቅርፁ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ጥናት ረጃጅሞቹ አይጦች ሆድ ዕቃ ውስጥ ሲገቡ እንደ አስቤስቶስ (ሳንባ የሚጎዳ ክር መሰል ማዕድን) ብግነት አስከትለዋል። አጫጭሮቹና የተጠላለፉት ግን ያን አላደረጉም። የሰውነት ጠራጊ ሴሎች ረጅሙን መርፌ መሰል ቱቦ መዋጥ ያቅታቸዋል...

ሄለን፦ መምህር፣ ይቅርታ፣ አሁን ምን ላድርግ? የጣሪያው ፋን እየዞረ ነው።

ሲስተር፦ ኧረ ፋኑን አጥፊው! ሰው ሁሉ ይውጣ፣ በሩን ዝጊ። ብናኙ እስኪረጋ ጠብቂ። ከዚያ ጓንትና ኤን-95 ማስክ አድርገሽ በእርጥብ ጨርቅ ከዳር ወደ መሃል አንሺው። ስብርባሪውን በእጅሽ አትልቀሚ። ጨርቁን በሁለት ፌስታል ቋጥረሽ ምን እንዳለበት ጻፊበት። ጋውንሽንም አውልቂ፤ ለብሰሽው ቤት እንዳትሄጂ።

አቤል፦ ካርቦን አይደል እንዴ? ምን ያስፈራል? ቻይና ውስጥ የታይሮይድ ቀዶ ሐኪሞች የካርቦን ናኖ ቅንጣት በመርፌ እየሰጡ ሊምፍ ኖዶችን (ንፍፊቶችን) ለይተው ለማየት ያጠቁራሉ። መርዝ ቢሆን ሰው ይወጉበታል?

ሲስተር፦ አቤል፣ እሱ በፈሳሽ የተበጠበጠ ሌላ ዓይነት ቅንጣት ነው። በልክ ነው የሚሰጠው። የሷ ደረቅ ዱቄት ነው፤ በትንፋሽ ሳንባ ይገባል። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ተቋም ናዮሽ በ2013 ለስምንት ሰዓት ሥራ ያስቀመጠው ጣሪያ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 1 ማይክሮግራም (የግራም አንድ ሚሊዮንኛ) ነው። ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ አስበው።

ቡና በጨው፦ እርጥብ ጨርቅ! ተራ ቫኪዩምም አይሆንም። ማጣሪያው አይዘውም፣ በኋላው መልሶ ይረጨዋል።

ሄለን፦ ፋኑን አጥፍቼ ወጣሁ። ያለን ግን የቀዶ ጥገና ማስክ ብቻ ነው።

ሲስተር፦ እሱ ፊት ላይ በደንብ አይገጥምም፣ በጎን ያስገባል። ኤን-95 እስኪገኝ እንዳትገቢ። ፊትሽንና እጅሽን ታጠቢ።

መምህሩ፦ ጠርሙሱ ላይ ዓይነቱ ተጽፏል? ኤምደብሊውሲኤንቲ-7 የሚባለው ባለ ብዙ ድርብርብ ናኖቲዩብ ነው? ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2014 «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ብሎ የመደበው እሱን ነው።

መምህሩ፦ ሄለን፣ አለሽ?