የጠላት ንብረት ሽያጭ መዝገብ የት ይገኛል?

ወገኖች፣ ከደሴ ነው የምጽፈው። እባካችሁ እርዱኝ። ከተማችን በሚያዝያ 1933 ከፋሺስት ስትላቀቅ የጣሊያኖች ቤትና ሱቅ «የጠላት ንብረት» ተብሎ በመንግሥት እጅ ገባ። በ1939 ከጣሊያን ጋር የተፈረመው የፓሪስ የሰላም ውልም የጣሊያንን ንብረት ወስዶ ከካሳ ጋር ማቻቻልን ፈቅዷል። አያቴ አንዱን ቤት ከመንግሥት ገዙ። በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስም መኖሪያቸው ስለነበር ተረፈ።

አሁን ካርታ ለማውጣት ስንሄድ መነሻ ሰነድ አምጡ ተባልን። እኛ ጋ ያለው የደበዘዘ የግብር ደረሰኝ ብቻ ነው! የግዢው ውል ጠፍቷል። እናቴ አርጅታለች፤ ጉዳዩ በእሷ ዕድሜ እንዲያልቅ አጥብቄ እፈልጋለሁ።

የዚያን ዘመን የሽያጭ መዝገብ ያስወጣ ሰው አለ? አዲስ አበባ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ልጠይቅ? ፋይሉስ በማን ስም ይፈለጋል፣ በጣሊያናዊው ወይስ በገዢው?