ለኦቲስቲክ ልጅ ቤትን ማረፊያ የሚያደርገው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የልጁ እናት

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 11 ዓመቱ ነው፤ ኦቲስቲክ መሆኑን ካወቅን ቆይተናል። መምህራኑ በክፍል ውስጥ ጸጥተኛና ታዛዥ እንደሆነ ይነግሩኛል። ቤት ሲገባ ግን ቦርሳውን በሩ ላይ ይጥልና ጠረጴዛ ሥር ይገባል፤ ስናናግረው ጆሮውን በሁለት እጁ ይደፍናል፤ አንዳንድ ቀንም ለእኛ ምንም ባልመሰለን ነገር ተነሥቶ እስኪደክመው ድረስ ያለቅሳል። ዘመዶቻችን ውጭ ጨዋ የሆነ ልጅ ቤት ውስጥ እንዲህ የሚሆነው ስለምታሞላቅቁት ነው ይሉናል፤ እኔ ግን ይህን ልቀበለው አልቻልኩም።

በቅርቡ ወደ ሌላ ቤት እንዛወራለን፤ የራሱ ክፍልም ይኖረዋል። ስለ ግድግዳ ቀለም፣ ስለ መብራት፣ ክብደት ስላለው ብርድ ልብስና ስለ ልጆች ድንኳን ብዙ አንብቤአለሁ፤ ሁሉንም ለመግዛት ግን አቅማችን አይፈቅድም። ኦቲስቲክ የሆናችሁ ወይም ከኦቲስቲክ ሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የምትኖሩ፣ ቤት ስትገቡ በእርግጥ የሚያሳርፋችሁ ምን እንደሆነ ብትነግሩኝ ከየት እንደምጀምር አውቃለሁ።

መልስ፦ ኦቲስቲክ የሆነች አንባቢ

ውድ እናት፣ የዘመዶችዎን አስተያየት አለመቀበልዎ ትክክል ነው። ብዙ ኦቲስቲክ ልጆች ከቤት ውጭ ያለውን ሰዓት የሚያሳልፉት ራሳቸውን በመቆጣጠር ነው፤ የሚያውካቸውን ጫጫታ ችለው ይቀመጣሉ፣ መወዛወዝ ሲያሰኛቸው እጃቸውን ያስራሉ፣ ሌሎች ልጆች መቼ እንደሚስቁ እያዩ አብረው ይስቃሉ። ይህ ከባድ ሥራ ነው፤ ድካሙም የሚወጣው ሰውየው የማይፈራበት ቦታ ሲደርስ ነው። ልጅዎ እንባውን እስከ ቤት ድረስ ይዞት የሚመጣው ቤቱን ስለሚያምነው ይመስለኛል።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ እኔን የሚያሳርፈኝ ጸጥታ ብቻ አይደለም። ድምፁ መቼ እንደሚመጣ ማወቄና ሲበዛብኝ ማስቆም መቻሌ ይበልጥብኛል። ራሴ የከፈትኩት ሙዚቃ ጮክ ቢልም አይረብሸኝም፤ ከጎኔ ካለው ክፍል ሳይነገረኝ የሚነሣ የመፍጫ ድምፅ ግን ልቤን ያስደነግጠዋል፤ ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ ሌላ ነገር ማሰብ አልችልም። አስቀድሞ «አሁን መፍጫውን ልከፍት ነው» የሚለኝ ሰው ካለ ግን ተነሥቼ በሬን እዘጋለሁ፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። ይህን ማለት ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ስለዚህ ከቀለሙ በፊት በሩን ያስቡበት። ክፍሉ የልጁ ከሆነ፣ እናቱም ብትሆን አንኳኩታ መልስ ጠብቃ መግባት አለባት፤ ዕቃውን ያለ እርሱ ፈቃድ ማንም ማንሣት ወይም ማስተካከል የለበትም። እኔ ልጅ ሳለሁ የደረደርኳቸው ጠጠሮች ቦታቸውን ለቀው ባገኘሁ ቁጥር፣ በሌለሁበት አንድ ሰው የገዛ ሐሳቤን እንዳዘበራረቀብኝ ነበር የሚሰማኝ። ለሌላው ተራ ጠጠር ነው፤ እኔ ግን የእያንዳንዱን ቦታ በልቤ አውቀው ነበር።

ሌላው የመግቢያው ሰዓት ነው። በር ላይ «ዋልክ እንዴት? ምን ተማርክ? ምን ልስጥህ?» ብሎ መጠየቅ ፍቅር ነው፤ ለደከመ አእምሮ ግን አንድ በአንድ መመለስ የሚገባው ተጨማሪ ሥራ ይሆናል። እኔ ዛሬም ቤት ስገባ ማንንም ሳላናግር ቦርሳዬን ሁልጊዜ በምሰቅልበት ቦታ እሰቅላለሁ፣ ካልሲዬንም ስፌቱ ጣቶቼን እንዳይነካኝ ገልብጬ አደርገዋለሁ፣ ከዚያም መብራት ሳላበራ እቀመጣለሁ። ከእኔ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ራሴ ወጥቼ እስካናግራቸው ድረስ ይጠብቁኛል፤ ማኩረፌ እንዳልሆነም ያውቃሉ። ስቀመጥ ብወዛወዝ ወይም አንድ ቃል እየደጋገምኩ ብል ማንም «ተይ» አይለኝም፤ ይህ ባይሆን ኖሮ ቤቴም ሌላ የሥራ ቦታ ይሆንብኝ ነበር።

መልስ፦ የኦኩፔሽናል ቴራፒ (ሰዎች የዕለት ተዕለት ተግባራቸውን እንዲያከናውኑ የሚያግዝ ሕክምና) ባለሙያ

ከላይ የተጻፈውን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው አምስተኛው የምርመራ መመሪያ፣ ለድምፅ፣ ለብርሃን፣ ለመነካትና ለመሳሰሉት ከሚጠበቀው በላይ ወይም በታች ምላሽ መስጠትን ከኦቲዝም መለያዎች መካከል አስገብቶታል። «በላይ ወይም በታች» የሚለውን ልብ ይሏል። አንዱ ልጅ ከመነካት የሚሸሽ ሲሆን፣ ሌላው ካልታቀፈና ካልተጨመቀ አይረጋጋም፤ ያው አንድ ልጅም ድምፅን ሸሽቶ እንቅስቃሴን አጥብቆ ሊፈልግ ይችላል። ስለዚህ «ለኦቲስቲክ ልጆች የሚሆን ክፍል» ተብሎ በአንድ ልክ የተሰፋ ነገር የለም፤ መጀመሪያ ልጁ ራሱ የሚሄድበትን ይመልከቱ። ጠረጴዛ ሥር የሚገባው ምናልባት ጠባብ፣ ጨለም ያለና ጀርባውን የሚያስደግፍበት ቦታ ስለሚፈልግ ነው፤ ያንኑ በአዲሱ ክፍል ጥግ ላይ በመጋረጃና በትራስ ሊሠሩለት ይችላሉ።

መብራትን በተመለከተ፣ በአሮጌው ዓይነት ባላስት (ወደ መብራቱ የሚገባውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠር ዕቃ) የሚሠራ ፍሎረሰንት እንደ አገሩ የኤሌክትሪክ መስመር በሰከንድ 100 ወይም 120 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ብዙውን ጊዜም «ዝዝ» የሚል ድምፅ ያሰማል። አብዛኛው ሰው አያስተውለውም፤ አንዳንድ ኦቲስቲክ ሰዎች ግን ራሳቸውን እስኪያማቸው ድረስ ይረብሻቸዋል። አዲሱ ቤት እንዲህ ያለ መብራት ካለው፣ ቀለም ከመቀባት በፊት እርሱን መቀየር ይሻላል።

ክብደት ያለውን ብርድ ልብስ በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት በኦቲስቲክ ልጆች ላይ ሞክሮት የእንቅልፋቸውን ርዝመት እንዳልጨመረ አሳይቷል፤ ሆኖም ልጆቹም ወላጆቻቸውም ከተራው ብርድ ልብስ ይልቅ ወደውታል። እንቅልፍ ያመጣል ብለው አይግዙት፤ ልጁ ከወደደው ግን ደስታው ራሱ በቂ ምክንያት ነው። በራሱ አንሥቶ ሊጥለው የማይችለው ልጅ ላይ ግን ፈጽሞ መደረብ የለበትም።

መልስ፦ የአንዲት ወጣት አባት

እኅቴ፣ እኔ ስለ ዝውውሩ ብቻ ልናገር። ልጄ በአፏ አትናገርም፤ የምትግባባው በሥዕልና በታብሌት ነው። ቤት ስንቀይር አስቀድመን ባዶውን ቤት ደጋግመን አሳየናት፤ የእያንዳንዱን ክፍል ፎቶ አንሥተን አልጋዋ የት እንደሚሆን፣ ማን የት እንደሚተኛ በተራ አስቀመጥንላት። በዝውውሩ ቀን አንሶላዋን ሳናጥብ በነበረው ጠረኑ አነጠፍንላት፤ አዲስ ነገር ማምጣቱን ሁሉ ለሌላ ጊዜ አስተላለፍን። የልጆች ሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ኦቲስቲክ ልጆች ሲጽፍ፣ ነገሮች እንደነበሩ እንዲቆዩ ያላቸውን ብርቱ ፍላጎት አጉልቶ አስቀምጦታል፤ ለእኛ ቤት ይህ የዕለት ተዕለት እውነት ነው።

አካላዊ ደኅንነትም አይዘንጋ። ከቤት ድንገት ወጥቶ መሄድ በኦቲስቲክ ልጆች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ውኃ አጠገብ ሲሆን ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል። እኛ በሩ ሲከፈት የሚጮኽ ደወል አድርገናል። ድምፁ ልጄን እንዳያስደነግጣት በእኛ መኝታ ክፍል ብቻ እንዲሰማ ነው ያደረግነው። ከውጭ የሚቆለፍ ክፍል ግን እሳት ቢነሣ ወጥመድ ነው፤ ፍርሃትንም ያሳድራል።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። በሩንና የመግቢያውን ሰዓት ከዛሬ ጀምሮ እናደርገዋለን። አንድ ነገር ግን ያስጨንቀኛል፤ የስድስት ዓመት ታናሽ እኅት አለችው፤ መዝፈንና መሮጥ የምትወድ ልጅ ናት። ቤቱ የእርሷም ነው፤ ቀኑን ሙሉ «ዝም በይ» እየተባለች እንድታድግ አልፈልግም።

መልስ፦ ኦቲስቲክ የሆነች አንባቢ

ዝም ማለት የለባትም። ከመኝታ ክፍሉ የሚርቀውን ክፍል የጩኸት ክፍል አድርጉላት፤ እርሱ ከትምህርት ቤት የሚመለስበትን ሰዓት ብቻ ደግሞ በውጭ ወይም በሥዕል የምትጫወትበት ሰዓት አድርጉት። ለእርሱም ድምፅ የሚቀንስ የጆሮ መሸፈኛ ግዙለትና ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይንጠልጠል፤ ከሁሉም ዕቃ አስቀድሜ የምገዛው እርሱን ነው። መሸፈኛውን ማድረጉ እኅቱን እንደ መጥላት እንዳይቆጠርበት ለእርሷም ንገሯት፤ በስድስት ዓመቷ በደንብ ይገባታል። ሰዓቱን ስትወስኑ ደግሞ ሁለቱንም ጠይቋቸው፤ እርሱ መናገር ካቃተው ጽፎ ወይም በጣቱ ጠቁሞ ይምረጥ።