ክብደት ለመቀነስ ጨጓራን የሚያሳንሰውን ስሊቭ ሰርጀሪ ልሠራ 19 ቀን ቀረኝ፤ የሚነግሩኝ ወሬ እንቅልፍ ነሳኝ

የደሴዋ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦

እንደምን ሰነበታችሁ። አሜሪካ ከመጣሁ 14 ዓመት ሆነኝ። ዕድሜዬ 41 ነው፣ የሁለት ሴት ልጆች እናት ነኝ። ቁመቴ 5 ጫማ ከ3 ኢንች፣ ክብደቴ ባለፈው ሳምንት ስመዘን 268 ፓውንድ ነበር፤ በአገራችን 121 ኪሎ ተኩል መሆኑ ነው። ስኳርም ግፊትም አለብኝ። ማታ ትንፋሼ ስለሚቆራረጥ ሲፓፕ (አየር የሚነፋ የትንፋሽ ማሽን) አድርጌ ነው የምተኛው። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ሰው ከአልጋ ወደ ዊልቸር ሳዘዋውር ጉልበቴን ስለሚያመኝ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሰዓት ግድግዳ እየተደገፍኩ ነው የምጨርሰው።

ለዚህ ሰርጀሪ ስምንት ወር ተመላልሻለሁ። የምግብ ባለሙያ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ የልብ ምርመራ፣ የእንቅልፍ ምርመራ፣ ኢንዶስኮፒ (ጨጓራን በካሜራ ማየት)፣ ሁሉንም ጨረስኩ። ኢንሹራንሴም ፈቀደ፣ ቀኑም ተቆረጠ። እስከዚያች ቀን ድረስ ልቤ ሙሉ ነበር። ለሰው መናገር ከጀመርኩ ወዲህ ነው ሰላሜን ያጣሁት።

እናቴ ደሴ ናት። ስነግራት መጀመሪያ ዝም አለች፣ ቀጥላ «ጤነኛ ጨጓራሽን ቆርጠው ሊጥሉት? ምን በደለሽ?» ብላ አለቀሰች። የአጎቴ ልጅ ደግሞ አንዲት የምታውቃት ልጅ ተሠርታ ፀጉሯ ረግፎ፣ ፊቷ ተሸብሽቦ፣ ሰው «በሽታ ይዟት ነው» ብሎ እንዳወራባት ነገረችኝ። ሥራ ቦታ ያለች ጓደኛዬ «በሁለት ዓመቱ ሁሉም ይመለሳል፣ ለምን ትሰቃያለሽ» ትለኛለች። «ጾሙን በሥርዓት ብትጾሚ ይቀንስልሽ ነበር» ያለኝም ሰው አለ። ይቺ በጣም አመመችኝ፤ ሁዳዴን 55 ቀኑን ከ12 ዓመቴ ጀምሮ ጾሜያለሁ።

ከሁሉም የባሰው ግን ቤተ ክርስቲያን ያገኘኋቸው አንዲት እናት የነገሩኝ ነው። ከቅዳሴ ስንወጣ ክንዴን ይዘው «ልጄ፣ እንዳንቺ ያለች አንዲት ልጅ ማደንዘዣ ሰጥተዋት በዚያው ቀረች፤ ሁለት ሕፃናት ጥላ» አሉኝ። የኔም ሁለት ናቸው። ከዚያ እሑድ ወዲህ ትንሿ ልጄ ፀጉሯን ልጎነጉንላት ጭኔ ላይ ስትቀመጥ እጄ ይንቀጠቀጣል። «እማ፣ ዛሬ ለምን ቀስ አልሽ?» ትለኛለች።

የተሠራችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ ይህን ፍርሃት ምን አደረጋችሁት? ልሰርዘው እንዴ? «በርቺ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ብቻ አትበሉኝ፤ እሱን እኔም ለራሴ እላለሁ። በእናንተ ላይ የሆነውን ንገሩኝ።

—

ባለደብተሯ (አሌክሳንድሪያ)፦

እህቴ፣ ያንቺን ጽሑፍ ሳነብ የራሴን ያነበብኩ መሰለኝ። ስሊቭ ከተሠራሁ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ያኔ 281 ፓውንድ ነበርኩ፣ አሁን 186 ነኝ።

እኔ ያደረግሁትን ልንገርሽ። ወሬው ሲበዛብኝ የልጄን የሒሳብ ደብተር ወስጄ የሰማሁትን ሁሉ ጻፍኩት። ከእያንዳንዱ ሥር አራት ጥያቄ አሰፈርኩ፦ መቼ ነው የሆነው? ምን ዓይነት ሰርጀሪ ነው? ሌላ ምን ሕመም ነበረባት? አንቺ አይተሻል ወይስ ሰምተሽ ነው? ከዚያ የነገሩኝን ሰዎች እየደወልኩ ጠየቅኳቸው። ተጣልቼ አይደለም፣ ቀስ ብዬ ነው። 11 ወሬ ነበር የጻፍኩት። አራቱንም ጥያቄ የመለሰልኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ለኔም «ሞተች» የተባለች ሴት ነበረች። ወሬውን ሦስት ሰው አሻግሬ ብከተለው የሷው የገዛ እህት ጋ ደረስኩ። ሴትየዋ አለች፣ በሕይወት አለች፤ ግን በጣም ታማ ነበር። ርካሽ ነው ተብላ ብቻዋን ሌላ አገር ሄዳ ተሠራች፣ በአምስተኛው ቀን አውሮፕላን ተሳፈረች፣ እዚህ ስትመለስ የሚከታተላት ሐኪም አልነበራትም። የተሰፋው ቦታ እያፈሰሰ፣ ትኩሳት ይዟት፣ «ጋዝ ነው» እያለች አራት ቀን ቤቷ ተኛች። ስለዚህ ወሬው ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም። የሚያስፈራው ነገር ግን እኔ የፈራሁት አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሐኪሜን የጠየቅኩት «እሞታለሁ ወይ?» ብዬ ሳይሆን «ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ትኩሳት ቢይዘኝ የማን ስልክ ነው የምደውለው?» ብዬ ነው። ስልኩን ጻፈችልኝ፤ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኩት።

እናትሽን በተመለከተ፣ የኔም እናት እንደዚያው ብላ ነበር። ሆድ ከላይ እስከ ታች የሚቀደድ መስሏት ነው። አምስት ትንንሽ ቀዳዳ እንደሆነ፣ በካሜራ እያዩ እንደሚሠሩት፣ ከጨጓራው ከ100 እጅ 80 ገደማው እንደሚወጣና የቀረው የሙዝ ቅርፅ እንደሚይዝ አስረዳኋት። «ርሃብ የሚቀሰቅሰው ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከሚወጣው ክፍል ነው» ስላት ትንሽ ዝም አለችና «ታዲያ ያ ክፍል ነዋ ሲያሰቃይሽ የኖረው» አለችኝ። ደግመሽ ንገሪያት፤ የመጀመሪያው ቀን ለቅሶ መልስ አይደለም፣ ድንጋጤ ነው።

ፀጉር እውነት ነው። በአራተኛው ወር ማበጠሪያዬ ሙሉ ይወጣ ነበር፣ ሻሽ አስሬ ነበር ሥራ የምሄደው። ሰውነት ባንዴ ሲከሳ የሚመጣ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ይረግፍና ይመለሳል። የኔ ተመልሷል፤ ባለፈው ፋሲካ ሹሩባ ተሠርቻለሁ። የሰው አፍም እውነት ነው፣ አልዋሽሽም። ለቅሶ ቤት አንዷ እኔ እየሰማሁ «ምን ነካት? ደህና ናት?» አለች። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከሦስት ወር በኋላ ግን የስኳር ኪኒኔ ሲቆም ያ ንግግር ከውስጤ ወጣ።

ስለ ምግብም አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ይህን ማንም አልነገረኝም። እንጀራ ቆይቶ ነው የሚመጣው። በአሥረኛው ሳምንት ሁለት ጣት የምታህል ቁራጭ በሽሮ ቀመስኩ። ሳላላምጥ ዋጥኳት፤ ደረቴ መሀል ቆማ ቀረች። ማጠቢያው ጋ ቆሜ፣ ምራቄ አፌን እየሞላው፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅኩ። ከዚያ ወዲህ አንዷን ጉርሻ ሃያ ጊዜ አላምጣለሁ። ከምግብ ጋር ውኃ አልጠጣም፣ ግማሽ ሰዓት እጠብቃለሁ። ሰው ቤት ስትሄጂ ጉርሻ እምቢ ማለት ከሁሉ ይከብዳል። እኔ አሁን ጉርሻውን በእጄ ተቀብዬ ሳህኔ ላይ አኖረውና ቀስ እያልኩ እበላዋለሁ፤ አጉራሹም አይቀየምም።

ጾሙን የንስሐ አባትሽን ከአሁኑ ጠይቂ። የኔ አባት የመጀመሪያውን ዓመት «ሕመምተኛ ነሽ፣ የታዘዘልሽን ብዪ፣ በጸሎት ጹሚ» አሉኝ። በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ ጨጓራሽ ገና የቡና ሲኒ እየያዘ በምስርና በሽሮ ብቻ እዚያ መድረስ አይቻልም። በሁለተኛው ዓመት በቶፉና በአኩሪ አተር ዱቄት ሁዳዴን ጾምኩ፤ የምግብ ባለሙያዋ አብራኝ አወጣችው።

—

ሹፌሩ (ሲያትል)፦

እኔ የተሠራሁት ባይፓስ (ጨጓራን አሳንሶ ከአንጀት ጋር የሚያገናኘው ሰርጀሪ) ነው፣ በፈረንጆች 2017። ስኳሬ በመርፌ እንኳ አልመለስ ብሎ ነበር። ጓደኛሽ «ይመለሳል» ያለችሽን እኔ ልመልስልሽ፣ ምክንያቱም በኔ ላይ ደርሷል። 118 ፓውንድ ቀንሼ 34ቱ ተመልሷል። የተመለሰው በአንድ ጊዜ አይደለም። ታክሲ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስቀመጥ፣ ጣፋጭ ማኪያቶ፣ ትንሽ ኩኪስ፣ ክትትሌን ሁለት ዓመት ዘለልኩ። ምግብ ብዙ አልበላም ነበር፤ የሚጠጣው ነው የገባብኝ። እንደገና ወደ ምግብ ባለሙያዋ ስመለስ አልቆጣችኝም፤ ደሜን አስመረመረችና ቢ12 ቫይታሚኔና ብረቴ (አይረን) ወርዶ አገኘችው። ቫይታሚኑን ትቼው ስለነበር ነው። እሱ የዕድሜ ልክ ነው፣ እህቴ፤ ይህን ማንም እንዳያቃልልብሽ።

አሁንም ከነበርኩበት 84 ፓውንድ በታች ነኝ። ኢንሱሊን ካቆምኩ ሰባት ዓመት አለፈኝ። «ተመለሰ» ሲሉሽ ስንት እንደወረደና ስንት እንደተመለሰ ጠይቂያቸው።

—

ነርስ ነኝ (የቀዶ ሕክምና ክፍል)፦

አጠር አድርጌ ልጻፍ፣ ከሌሊት ሽፍት ወጥቼ ነው።

ሞት አለ፤ የለም የሚልሽን አትመኚ። ጥሩ ልምድ ባላቸው ማዕከላት ከ1000 ሰው አንድ ገደማ ነው፣ ከሐሞት ከረጢት ኦፕራሲዮን ጋር የሚቀራረብ። ስሊቭ ላይ ስፌቱ የማፍሰስ ዕድሉ ከ100 አንድ አካባቢ ነው። በሌላ በኩል ሳይሠሩ መቅረትም የራሱ አደጋ አለው። ስዊድን ውስጥ በፈረንጆች 1987 የተጀመረ ከ4 ሺህ በላይ ሰው ያለበት ጥናት አለ፤ በ2007 ሲታተም የተሠሩት ካልተሠሩት ይልቅ በዓመታቱ ውስጥ ያነሰ ሞት ነበራቸው።

ላንቺ ግን ከቁጥሩ በላይ የሚጠቅምሽ ይህ ነው። ሲፓፕ ማሽንሽን ሆስፒታል ይዘሽ ሂጂ። ማደንዘዣ ሰጪውን ስታገኚ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥ እንዳለብሽ ፋይሉ ላይ ቢኖርም በአፍሽ ንገሪው፤ ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚሰጥሽን የሕመም ማስታገሻ እሱን አስቦ ነው የሚመርጠው። እንደ ኦዜምፒክ ያለ የስኳር ወይም የክብደት መርፌ የምትወስጂ ከሆነ ንገሪው፣ ጨጓራ ቶሎ ባዶ እንዳይሆን ያደርጋል። የስኳር መድኃኒትሽን ደግሞ ከኦፕራሲዮኑ በፊት የሚታዘዝልሽን የፈሳሽ ምግብ ከመጀመርሽ በፊት ጠይቂ፤ በዚያው መጠን ከቀጠልሽ ስኳርሽ ሊወርድብሽ ይችላል። በዚያው ቀን ማታ ተነስተሽ እንድትሄጂ ያደርጉሻል፤ ያምሻል፣ ግን ሂጂ፤ የእግር ደም እንዳይረጋ ነው። ቤት ከገባሽ በኋላ ልብሽ በፍጥነት መምታት ካላቆመ፣ ትኩሳት ወይም ሆድሽና ግራ ትከሻሽ ላይ የሚጨምር ሕመም ካለ፣ «ጋዝ ነው» ብለሽ አትተኚ።

—

የደሴዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስድስት ቀን የጠፋሁት ደብተሩን ስለያዝኩ ነው። ሰባት ወሬ ጻፍኩ። ቤተ ክርስቲያን ያገኘኋቸውን እናት ደወልኩላቸው። «የትኛው ሆስፒታል ነው? መቼ ነው?» ስላቸው ዝም አሉና «እኔማ ከሰው ነው የሰማሁት ልጄ፣ ስለምወድሽ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ይወዱኛል። ስለ ልጅቱ ከዚህ በላይ ላገኝ አልቻልኩም፤ ደብተሩ ላይ ባዶ ትቼዋለሁ። ያንን ባዶ ቦታ ይዤ ሐኪሜ ጋ ሄድኩ። ሲፓፑን እንዳመጣ ነገረኝ። በዚያ ሌሊት ማን ክፍሉ ውስጥ እንደሚኖር፣ ኦክስጅኔን በምን እንደሚከታተሉ ሳይቸኩል አስረዳኝ። ከስኳር መድኃኒቶቼ አንዱን አስቆመኝ፣ ሌላውን በግማሽ ቀነሰው። ነርሷ እህቴ፣ ካልጠየቅኩ አይነግሩኝም ነበር።

ትናንት ፈሳሹን ጀመርኩ። ጉበቱ እንዲያንስና ለካሜራው ቦታ እንዲለቅ ነው አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ራሴን አመመኝ፣ ቤቱ ደግሞ ባለቤቴ ለልጆቹ በጠበሰው ሽንኩርት ሸትቷል። መኝታ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁት።

ፍርሃቱ አልሄደም። ቀን ላይ እሠራበታለሁ፣ ማታ ይመጣል። ትናንት ማታ ግን የትንሿን ፀጉር እስከ መጨረሻው ጎነጎንኩት።

እናቴን የሙዙን ነገር ነገርኳት፣ በእጄ እያሳየሁ በቪዲዮ። አልተስማማችም። «እኔ አልገባኝም» አለች። ቆይታ ግን ቀኑን ጠየቀችኝ፣ በእኛ ሰዓት ስንት ሰዓት እንደሆነም። በፈረንጅ ሰዓት ጠዋት 5፡30 ሆስፒታል እገባለሁ፣ በናንተ ከቀትር በኋላ ነው ስላት «እንግዲያው ስልኩን ለባልሽ ስጪው፤ ስትነቂ ድምፅሽን ሳልሰማ አልተኛም» አለችኝ።